ሃያ ስምንት ክንድ

አስካለች ነገሩን የሰማችው የግዢ ክፍሉን ከአስተዳደር ቢሮ በሚለየው የሳንቃ ግድግዳ በኩል ነው። አስተዳዳሪው አቶ ወልደየሱስ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ የማያውቁ ሰው ነበሩ። «የሚገዛው የመስታወት ማጠቢያ ፖምፓ ከመሬት ሆኖ የሚረጭ ከሆነ ሽማግሌው ይያዘው፤ ልምድ አለው» አሉት ለደሞዝ ከፋዩ። «መሰላል የሚያስወጣ ከሆነ ግን ረዳቱ ኩምሳ ይበቃናል። ሽማግሌውን ከጳጉሜ በኋላ እናሰናብታለን። ለአንድ ግድግዳ ሁለት ሰው አናበላም።» ከፋዩ «እሱስ እውነት ነው» አለ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ሽማግሌው የተባሉት የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ደበላ ይባላሉ። የአስካለች አጎት ናቸው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓትና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ያስገቧት እሳቸው ናቸው። ፖምፓውን አዲስ አበባ ሄዶ የመምረጡ ሥራ ደግሞ የአስካለች ነበር።

ማግስቱ ሐሙስ ነው፤ ነሐሴ ሃያ አምስት፣ ዓመቱ ሃምሳ ዘጠኝ። በዚያ ዘመን አቃቂ የሚነቃው በፋብሪካ ፉጨት ነበር፤ የመጀመሪያው ለመነሳት፣ ሁለተኛው ለመሮጥ፣ ሦስተኛው በሩ መዘጋቱን ለማርዳት። ሰው የእጅ ሰዓት የሚገዛው ለጌጥ እንጂ ለሰዓት አልነበረም። ያኔ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር የሚሉ አሉ፤ አልነበረም። ወንዙ ያኔም በማቅለሚያው ክፍል ፈቃድ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርድ ነበር፤ የወር ኪራይ ያኔም ያነታርክ ነበር። ግን ስድስት ብር በምትከራይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሦስት ደሞዝተኛ መኖሩ ትልቅ ነገር ነበር። ጎረቤት «ባለ ሦስት ፉጨቷ ቤት» ይላት ነበር፤ በቅናትም፣ በፍቅርም።

እትዬ የሺሐረግ፣ የጋሽ ደበላ ሚስት፣ ነጠላቸውን እየተከናነቡ «ሻይ ከነቂጣው እዚያ አለ» አሉ። ሽመና ክፍል ነው የሚሠሩት፤ ሁለተኛው ፉጨት ሳያገኛቸው መውጣት ነበረባቸው። ጋሽ ደበላ ለቤተ ክርስቲያንና ለቀብር ብቻ የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ለብሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ዘርግተዋል፤ አምና ከአራተኛው ረድፍ ሲወርዱ ከተመቱ ወዲህ ቀኝ ጉልበታቸው እንደ ልብ አይታጠፍም።

«ለፖምፓ ነው እንዲህ የተለበሰው?» አሉ እትዬ የሺሐረግ።

«ከተማ አይደለም እንዴ የምንሄደው! ቱታ ለብሼ ጣሊያኑ ሙሴ ፊት ልቁም?»

«ታዲያ የቱን ነው የምትገዙት?»

ጋሽ ደበላ ሻያቸውን ፉት አሉ። አስካለች ቂጣዋን ቆረሰች። ጋዜጣ በተለጠፈበት ግድግዳ በኩል የጎረቤት ሬዲዮ የእህል ዋጋ ያነባል። ማንም ስላልመለሰላቸው እትዬ የሺሐረግ «ደህና» ብለው ወጡ። አስካለች አንድ ነገር ብላ ነገሩን ለማፍረጥ ፈለገች፤ የሰማችውን ግን እንዴት ብላ ትነግራቸዋለች? ደግሞ መንገርም የለባትም ብላ ወስናለች። ከመሬት የሚረጨውን ትገዛለች፤ ሰውየው ሥራቸው ላይ ይቆያሉ፤ ነገሩን ማንም ሳያውቀው ያልፋል። የዕለቱ ዕቅዷ ይህ ነበር፤ ከዚህ የሚበልጥ ብልሃት አያስፈልገውም።

ግድግዳው የሽመና ክፍሉ ምሥራቃዊ ግድግዳ ነው። ከሥር እስከ ላይ ዘጠኝ ረድፍ መስታወት አለው። ዓመቱን ሙሉ የጥጥ ብናኝ ከማሽን ዘይትና ከመንገዱ አቧራ ጋር እየተቦካ ይለጠፍበታል፤ ሐምሌ ላይ ውስጡ ቀትርም መብራት ይበራል፤ ክር የሚቀጥሉት ሴቶች ዓይናቸውን እያሹ ይወጣሉ። ጳጉሜ ሲገባ ማሽኖቹ ቆመው ፋብሪካው ይታጠባል። ያኔ ጋሽ ደበላ ሁለት መሰላል አስረው፣ ወገባቸው ላይ ገመድ ጠምጥመው፣ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ይወጣሉ። አሥራ አራት ጳጉሜ ወጥተዋል። መስከረም ሁለት ቀን ሴቶቹ ሲገቡ ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች እንደ ጣቃ ጨርቅ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ አንዳንዷ እልል ትላለች። ያን ብርሃን ያየ ሰው ዛሬም ድረስ ትዝታው ይነሳበታል፤ ለሳምንት ብቻ ነበር የሚቆየው፤ ከዚያ ብናኙ ይጀምራል።

ዘንድሮ ግን ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ በባልዲ መታጠብ ይብቃ፣ ውሃ በኃይል የሚገፋ ፖምፓ ይገዛ ተባለ። አስካለች የያዘችው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል፤ ቁመቱ አሥራ አራት ሜትር፣ ዋጋው ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ያልበለጠ። አቶ ወልደየሱስ «ደበላንም ይዘሽ ሂጂ፤ ግድግዳውን የሚያውቀው እሱ ነው» ብለዋታል፤ የሰውየውን መባረሪያ እንዲመርጡ ሰውየውን ራሳቸውን መላክ ምንም አልከበዳቸውም።

ባቡሩ ሦስተኛ ማዕረግ ነው፤ ወንበሩ እንጨት። ወተት የሚያደርሱ ሴቶች፣ ዶሮ የታቀፈ ሰው፣ አንድ የተኛ ወታደር። ቃሊቲን ሲያልፉ እስከ አድማስ ማሳ ነበር፤ የጤፉ አረንጓዴ ገና ለጋ ነው፤ አሁን ቤት በቤት የሆነው ሁሉ ያኔ የነፋስ ሜዳ ነበር። ጋሽ ደበላ ትውልዳቸው ኮዬ ነው፤ አገራቸው በዚያ በኩል ስለሆነ በመስኮት በኩል እያዩ «ዘንድሮ ዝናቡ አደላ» አሉ። ለገሀር እስኪደርሱ የተናገሩት ይኸው ብቻ ነው።  ሁለት ሰዎች የሚደባበቁት ነገር ሲኖራቸው ስለ ዝናብ እንኳን መነጋገር ይከብዳል።

ከለገሀር በሰይቼንቶ ታክሲ ፒያሳ ወጡ፤ በነፍስ ወከፍ ስሙኒ። ሙሴ ቤርቶሊኒ አሥመራ የተወለደ ጣሊያን ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሞተርና ጎማ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። አማርኛው ጥሩ ነው፤ የሚጎድለው ቦታ ላይ እጁን ያወራጭበታል።

«ሲኞሪና፣ ይሄ ፖምፓ አይደለም! ይሄ ዝሆን ነው። መሬት ይቆማል፣ ኩምቢውን ያነሳል፣ ፏ! ማንም አይወጣም፣ ማንም አይወድቅም።»

«ዋጋው?»

«ለሌላ ሰው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ለአንቺ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ። ለምን? አባትሽ ደስ የሚል ኮት ለብሷል።»

ጋሽ ደበላ ኮታቸውን ቆለፉ።

ከሱቁ ጀርባ ጊቢ አለ፤ ባለ ሦስት ፎቁ ሕንፃ የራሱ የሙሴው ነው። «እስከ ጣሪያው ጠርዝ አሥራ አራት ሜትር» አለና ሞተሩን አስነሳ። ዝሆኑ አጓራ። ውሃው ተወርውሮ ወጣና ጠርዙን ዳሰሰው፤ ከዚያ ተበትኖ በሦስቱም ላይ ወረደ። የአስካለች ጫማ ራሰ። እሷ ግን አልቆጫትም። አሥራ አራት ሜትር፣ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ በታች፣ ከመሬት፤ ሦስቱም እንዲህ ገጥሞ የሚገኝ ነገር በዕድሜዋ አላጋጠማትም። እስክሪቢቶዋን አወጣች።

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ ደበላ። «ያ አሥራ አራት ከየት ነው የመጣው?»

«ወረቀቱ ላይ ነው ያለው ጋሼ።»

«ወረቀቱስ ከየት አመጣው?»

«ከእርስዎ ነዋ! ለኢንጅነሩ የነገሩት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ሜትር ብዬ አላውቅም። ሃያ ስምንት ክንድ ነው ያልኩት። በገመዴ ለክቼ፣ ገመዱን በክንዴ ቆጥሬ።»

«ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ነው፤ አጋመሱት። ልክ ነው።»

«በማን ክንድ?»

አስካለች ያኔ ነው እጃቸውን ያየችው። የኮታቸው እጅጌ እንደ ወትሮው ከአንጓቸው ርቆ ቆሟል፤ ልክ የሚሆን ኮት ተገኝቶላቸው አያውቅም። የአቃቂ ሴት ሁሉ ያንን ክንድ ታውቀዋለች። ገበያ ቀን አቡጀዲ የምትገዛ ሁሉ «ጋሽ ደበላን አንዴ አውሱን» ብላ ቤታቸው ትመጣለች፤ ስምንት ክንድ የገዛች ዘጠኝ ይዛ ትገባለች። አንድ ነጋዴ ከሩቅ ሲያያቸው ጣቃውን መጠቅለል እንደሚጀምር፣ «በእኔ ክንድ ካልሆነ አልሸጥም» እያለ እንደሚምል ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበታል። አስካለች ራሷ የትምህርት ቤት ቀሚሷ ተርፎት እጥፋቱ የሰፋው በዚያ ክንድ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቢሮው ያንን ክንድ እንደ ማንኛውም ሰው ክንድ ቆጥሮ ሲያጋምስ ኖሯል፤ እሷም ከነትምህርቷ አላሰበችውም።

ሙሴው ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ከክርናቸው እስከ መሐል ጣታቸው ጫፍ ለካ። «ሃምሳ አራት! ሲኞር፣ አንተ ሰው ነህ ክሬን?»

አስካለች በልቧ አባዛች። አሥራ አምስት ሜትር ከአሥራ ሁለት። ዘጠነኛው ረድፍ ከግማሽ በላይ ውጭ ቀረ።

«አንድ ሜትር ምን አላት?» አለ ሙሴው። «ሣጥን ላይ ታቆሚዋለሽ፣ አለቀ!»

«ሣጥን ላይ ይቆማል ጋሼ» አለች አስካለች፤ ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ፈጠነ።

ጋሽ ደበላ አንጋጠው የጣሪያውን ጠርዝ አዩ። ጠርዙ ላይ የርግብ ኩስ ደርቆ ነበር፤ አሁን ረጥቦ እዚያው ተቀምጧል። «ይድረስ ግዴለም» አሉ። «ግን ደረሰ እንጂ መች አጠበ? ዝናብም ይደርሳል። ክረምቱን ሙሉ ግድግዳችን ላይ ሲደርስ ከርሟል። ታጠበ?»

ሙሴው ሞተሩን አጠፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አላወራጨም።

መንገድ ላይ እንደወጡ አስካለች ፈነዳች። ፒያሳ ነው፤ ሰው ያልፋል፤ ግድ አልሰጣትም። «ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ማን ጠየቀዎት? እኔ እኮ እየፈረምኩ ነበር! ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ቢያውቁ…»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ደበላ። «ኩምሳ ትናንት ነግሮኛል። ለእሱ ከፋዩ ነገረው።»

አስካለች ዞረችባቸው። ታዲያ ያ ሁሉ የጠዋት ዝምታ፣ ያ ሁሉ የባቡር መንገድ! «እያወቁ ነው?»

«እያወቅሁ ነው። ምን ላድርግ፤ ፖምፓው እኔን ያበላኛል፤ የላዩ መስታወት ግን እንደ ቆሸሸ ይከርማል። ብርሃን የሚሰጠው ደግሞ የላዩ ነው፤ የታቹን መጋዘኑ ጋርዶታል። መስከረም ላይ አቶ ወልደየሱስ ገብተው ሲጨልምባቸው ማንን ይጠይቃሉ? እኔን? የፈረምሽው አንቺ ነሽ።» ኮታቸው ላይ የቀረውን ውሃ በእጃቸው ጠረጉ። «የእኔስ እንጀራ አርጅቷል። ያንቺ ገና መጋገሩ ነው።»

«ተረት አይንገሩኝ ጋሼ።»

«እሺ፤ ተረቱን ተዪው። ሌላ ሱቅ የለም?»

ነበረ። መርካቶ ውስጥ ረሻድ የሚባል የስልጤ ነጋዴ የውሃ ፖምፓ ይሸጣል። ወደ ሱቁ ሲገቡ በርጩማው ላይ ሆኖ ቀና አለና የአስካለችን እግር አየ። «ሙሴ ጋ ነበራችሁ፤ አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ጫማሽ። ከሙሴ ጊቢ ጫማው ያልራሰ ደንበኛ ወጥቶልኝ አያውቅም። ግቡ፤ እኔ ጋ የሚርሰው ግድግዳው ነው። አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ። ምንድን ነው የሚታጠበው?»

ጋሽ ደበላ ነገሩት። ስለ ብናኙ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ዘጠኙ ረድፍ። ረሻድ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ አዳመጠ፤ አስካለች ከዚያ በፊት አጎቷን እንዲህ ያዳመጠ የቢሮ ሰው አላየችም። ከዚያ ከመደርደሪያ ሥር አንዲት የበግ ግልገል የምታህል ማሽን ጎትቶ አወጣ። የከባድ መኪና ጋራዦች ለላቫጆ የሚገዟት ናት፤ ቤንዚን ትጠጣለች፤ ሠላሳ ሜትር ጎማ አላት፤ ጫፉ ላይ ሁለት ቁራጭ ሆኖ የሚገጣጠም አራት ሜትር ዘንግ ይሰካል። «ሩቅ አትወረውርም። የደረሰችበትን ግን ትልጣለች። ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ፤ ጎማውን ጨምሮ። አልቀንስም፤ ቀንሼ የጀመርኩት ዋጋ ስለሆነ።»

ለመሞከር ከሱቁ ጀርባ ወደሚገኝ አሮጌ ግድግዳ ሄዱ። የስንት ዓመት የመኪና ዘይት የጠጣ ግድግዳ ነው። ረሻድ ዘንጉን አስጠግቶ አንድ መስመር ሲያሰምርበት ከሥር የጥንቱ ቢጫ ቀለም ብቅ አለ። ጋሽ ደበላ ሳያስቡት «ኧረ!» አሉ። ኮታቸውን አውልቀው ለአስካለች ሰጧትና መሰላል አስመጡ።

«ጋሼ ጉልበትዎ…»

«አምስት እርከን ናት።»

ወጡ። ረሻድ ሞተሩን አስነሳና ጉልበቱን ከፈተ። ዘንጉ በእጃቸው ውስጥ እንደ ፈረስ ተራገጠ፤ ውሃው ወደፊት ሲወጣ እሳቸውን ወደ ኋላ ገፋቸው፤ መሰላሉ ከግድግዳው ተላቆ ተመለሰ። «ቀንሰው!» ብለው ጮኹ፤ ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ረሻድ አልሰማም፤ «ጥሩ ነው አይደል?» እያለ ጭራሽ ጨመረ። አስካለች ግን የግራ እጃቸውን አየች። ከዘንጉ ላይ አንስተው ሁለት ጊዜ ወደ ታች ነቀነቁት። ግድግዳው ላይ ሆነው ኩምሳ ገመድ እንዲያላላላቸው ሲፈልጉ የሚያደርጉት ነው። ዘላ ሄዳ የሞተሩን መዝጊያ አዞረችው። ዝም አለ።

ጋሽ ደበላ ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግን ይስቁ ነበር። «ጎበዝ ናት» አሉ ማሽኗን። «ይችን ግዢ። ኩምሳ ወጣት ነው፣ ይችላታል።»

«ላይ ያለውስ ይችላል» አለ ረሻድ፤ የደነገጠው እሱ ነበር። «አደጋው ታች ነው አባባ። ታች ያለው ላይኛውን የማያውቅ ከሆነ በዚች ማሽን ሰው ይገድላል። እኔ አሁን ልገድልዎት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

አስካለች እስክሪቢቶዋን ያወጣችው ያኔ ነው። ወረቀቷ ላይ ዋጋውን ጻፈች፤ የግድግዳውን ቁመት አርማ አሥራ አምስት ሜትር ከአሥራ ሁለት አለች፤ ከዚያ አንድ መስመር ጨመረች፤ «ማሽኑ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንድ ላይ፣ አንድ ታች። የታቹ ከፍታ ላይ የሠራና የላይኛውን ምልክት የሚያውቅ መሆን አለበት።» ፊርማ ግን አላኖረችም።

በአውቶቡስ ተመለሱ። ጋሽ ደበላ መንገዱን ሁሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ወይም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አቶ ወልደየሱስ ወረቀቱን ቆመው አነበቡት። ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ የሚለው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በራ፤ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ቀይ እስክሪቢቶ አንስተው ሰረዙት።

«ታች የሚቆም ሰው ከበር ላይ ይጠራል። አንዲት መዝጊያ ለማዞር ባለሙያ አንቀጥርም።»

«እንግዲያውስ አልፈርምም።»

«ምን አልሽ?»

«መሣሪያው ለሥራው ይሆናል ብዬ ነው የምፈርመው። ያለ ሁለት ሰው አይሆንም። ዓይኔ አይቷል።»

አቶ ወልደየሱስ መነጽራቸውን አወለቁ። «አስካለች፣ ነገሩ ገብቶኛል። አጎትሽ ስለሆነ ነው።»

ይህን እንደሚሏት ከመርካቶ ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም ፊቷ ጋለ። «ለአጎቴ ብዬ ቢሆንማ የሙሴውን ገዝቼ እመጣ ነበር» አለች። «ከመሬት የሚረጨውን። በሁለት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ፤ የላዩን ረድፍ የማያጥበውን። እንዳልገዛው ያደረጉኝ ራሳቸው ናቸው። እኔን ካላመኑ የሚወጣውን ሰው ይጠይቁት።»

ኩምሳ ተጠራ። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። አቶ ወልደየሱስ እንዲህ አሉት፤ «አዲስ ፖምፓ ይገዛል። የምትይዘው አንተ ነህ። ደስ ይበልህ፤ በቀን ሃምሳ ሳንቲም እንጨምርልሃለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ታች ማን ነው?»

«ማንም ይሁን፤ አንድ የቀን ሠራተኛ።»

ኩምሳ ቆቡን በእጁ አዞረው። አስካለችን አላያትም፤ እሷም አላየችውም። «ጌታዬ፣ እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ። እዚያ ላይ ሆኜ አፍ አይሠራም፤ የሚሠራው እጅ ነው። እጄን የሚያነብ ሰው አንድ ነው ያለው፤ ጋሽ ደበላ። እሳቸው ከሌሉ አልወጣም።»

«ሌላ እቀጥራለሁ!»

«ይቅጠሩ። እሱም ገና መሰላሉ ሥር ሲደርስ ታች ማን ነው ይላል።»

ከደጅ የፈረቃ መለወጫው ፉጨት ተሰማ። አቶ ወልደየሱስ የቀን መቁጠሪያውን አዩ፤ ጳጉሜ ሊገባ ስድስት ቀን ነው የቀረው። ወረቀቱን ሳቡትና በሰረዙት መስመር አናት ላይ በዚያው ቀይ ቀለም «እስከ ጥቅምት ይሞከር» ብለው ጻፉ። «እስከ ጥቅምት ነው ያልኩት» አሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። አስካለች ፈረመች። ከአንድ ወር በላይ ብዙም የማይሻገር ነገር ነው፤ ግን በዚያ ፋብሪካ «ይሞከር» ተብሎ የተጀመረ ነገር ሲቆም አይታ አታውቅም። እንዲያ ነበር ያ ዘመን፤ ሰውን ለማባረር የማይሰንፍ፣ የጻፈውን ለመሰረዝ ግን የሚሰንፍ።

ስትወጣ ጋሽ ደበላ ምሥራቃዊው ግድግዳ ሥር ቆመዋል። ኮታቸውን በክንዳቸው ላይ አጥፈውታል። ከሽመና ክፍል የሚወጡት ሴቶች ነጠላቸውን ከብናኙ እያራገፉ በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ አንዷ «ጋሽ ደበላ፣ ዘንድሮም ብርሃናችንን አደራ» አለቻቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁላት። አስካለች አጠገባቸው ቆመች።

«ነገ ወዴት ነኝ?» አሉ፤ ሳይዞሩ።

«ሥራ። ከኩምሳ ጋር። እርስዎ ታች ነዎት፤ እሱ ላይ።»

ጋሽ ደበላ አንጋጠው ረድፎቹን አንድ በአንድ፣ ከታች ወደ ላይ፣ እስከ ዘጠነኛው ድረስ አዩ። አንገታቸው እስኪደክም።

«ከዚህ ሆኜ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ለካ እንዲህ ይረዝማል። ለካ የሚፈራው ታች ያለው ነው።»

«ይለመዳል» አለች አስካለች። «እኛ ለምደነዋል።»